በእንግሊዝኛ የወረወርሽው ነገር ለምን ሌላ ሰው መታ?

ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ፣ ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምሰራው ከተለያየ አገር ከተሰበሰቡ ሰዎች ጋር ነው፣ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ በቻትና በኢሜይል ነው የሚያልቀው። እኔ ፊት ለፊት መናገር አይሆንልኝም፣ ስለዚ አንድ ነገር ሲከነክነኝ በእንግሊዝኛ ፈሊጥ ጎንተል አርጌ አልፋለሁ። በቀደም አንድ የቲማችን ልጅ የኔን ስራ የራሱ አስመስሎ ሚቲንግ ላይ አቀረበ። እኔም ግሩፑ ላይ ‹አንዳንድ ሰው የሰው ስራ ላይ ስሙን መጻፍ ይወዳል፣ ኢፍ ዘ ሹ ፊትስ ዌር ኢት (ጫማው ልክህ ከሆነ አድርገው)› ብዬ የምትጠቅስ ኢሞጂ ጨምሬ ለጠፍኩ። ልጁ የሳቅ ኢሞጂ ሰጠበት! በቅርብ የገባች ሌላ ልጅ ግን በውስጥ ‹ያጠፋሁት ነገር አለ?› ብላ ጻፈችልኝ። ሁለተኛ፣ ደሞዝ እንዲጨመርልኝ ፈልጌ ለማናጀሬ ስራ እንደበዛብኝ ጻፍኩና መጨረሻ ላይ ‹ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት› አልኩት። ‹ታንክስ፣ አይ ዊል ቤር ኢት ኢን ማይንድ› (አመሰግናለሁ፣ በሀሳቤ እይዘዋለሁ) አለኝ፣ ደስ ብሎኝ እየጠበቅኩ ነው ግን እስካሁን ምንም የለም። ይሄው ሰውዬ ሪፖርቴን ‹ኳይት ጉድ› አለው፣ ሙገሳ ነው ስድብ? እንግሊዛዊ ነው። በፈጠራችሁ፣ ሰው ሳይከፋው እንዲገባው የሚያደርጉ ጥሩ ጥሩ ፈሊጦች ንገሩኝ። — ፍንጬ የከሸፈብኝ»

እህቴ፣ የሳቅ ኢሞጂው ጋ ስደርስ ስቄያለሁ፣ ይቅር በይኝ። ደፋር ነው ልጁ። ግን እውነቱን ለመናገር እንዲያመልጥ በሩን የከፈትሽለት አንቺ ነሽ፣ ወደሱ እንመጣለን። የጠየቅሽኝን ልመልስልሽና፣ ተጨማሪ ፈሊጥ አያስፈልግሽም። ያሉሽ ራሳቸው በዝተዋል።

ነገር በዘዴ መናገር ለኛ አዲስ አይደለም እኮ። ሰምና ወርቅ ባለበት ቋንቋ አድገን፣ አሽሙሩን ሾርኔውን ውስጠ ወይራውን ገና በልጅነታችን ለይተን፣ ሰው «ደህና ነኝ» ሲል ደህና እንዳልሆነ ከድምፁ እያወቅን ኖረን፣ በእንግሊዝኛ ደሞ ፈሊጡን ስንለምድ በቃ ያንኑ ነገር መድገም የምንችል ይመስለናል። አሽሙር ግን በቃሉ ብቻ አይሰራም። ማን አጠገብ ተቀምጦ እንደነበር፣ ከዛ በፊት ምን እንደተባለ፣ ተናጋሪው አይኑን ወዴት ወርወር እንዳረገ፣ ሰውየውን «አሃ ይቺ ለኔ ናት» የሚያስብለው ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው። «ለብልህ አይነግሩም ለአንበሳ አይመትሩም» እንላለን፣ እንግሊዞችም ከላቲን የወረሱት «አ ወርድ ቱ ዘ ዋይዝ» (ለብልህ አንድ ቃል ይበቃዋል) የሚል አላቸው፣ ሁለቱም ግን ሰሚው ነገሩን አስቀድሞ እንደሚያውቀው ቆጥረው ነው። ያንቺ ግሩፕ ውስጥ ግን ማን ምን እንደሰራ የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ልጅቷ ለዛ ነው የደነገጠችው፣ ያነበበችው «እዚ ቤት አንድ ሰው ተቆጥቷል» የሚለውን ብቻ ነው፣ ማን ላይ እንደሆነ የምታውቅበት ምንም መንገድ የላትም።

ፈሊጥ ደሞ ከእጅ እጅ ሲዞር እንደተፋቀ ሳንቲም ነው፣ ሰው ይቀበለዋል እንጂ ላዩ ላይ ያለውን ምስል አያየውም። «ኢፍ ዘ ሹ ፊትስ» ን ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ የሚያወራ ሰው ሲያነበው ከስሩ ወርቅ አለ ብሎ አይቆፍርም፣ ቀልድ ነው ብሎ ያልፋል። ጭራሽ የምትጠቅስ ኢሞጂ ስትጨምሪበት ደሞ በገዛ እጅሽ «ቀልዴን ነው» ብለሽ ፈረምሽበት ማለት ነው! እና ልጁ ሳቀ። ምን ይጠበቅበታል ታድያ?

በጽሁፍ መሆኑ ደሞ ሌላ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት አለ፣ ሰዎች አንዳንዱን ከልብ አንዳንዱን በምጸት አርገው ኢሜይል እንዲጽፉ ተደረገና ተቀባዩ የቱ ምጸት የቱ የምር እንደሆነ ይለያል ወይ ተብለው ተጠየቁ። ላኪዎቹ 78 በመቶ ያህሉን ይለያሉ ብለው ገመቱ፣ ተቀባዮቹ የለዩት ግን 56 በመቶ አካባቢ ነው፣ ሳንቲም ወርውረው ቢገምቱ እኮ 50 ያገኛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ስንጽፍ የራሳችንን ድምፅ ጆሯችን ውስጥ እየሰማን ስለሆነ ያ ድምፅ አብሮ የተላከ ይመስለናል። አንቺም ያን መስመር ስትጽፊ ጥርስሽን ነክሰሽ ነበር አይደል? ጥርሱ አልተላከም።

ከሁሉም የባሰው ግን ይሄ ነው፦ አደባባይ ላይ የተወረወረ ነገር የሚያርፈው ይሉኝታ ያለው ሰው ላይ ነው። አይነ ደረቁ «ስለማን ይሆን» ብሎ ያልፋል፣ ጨዋው ደሞ ያላደረገውን ይፈልጋል። የሰው ስራ የራሴ ነው ብሎ ሰው ፊት የቆመ ልጅ በአንዲት የእንግሊዝኛ ተረት ያፍራል ብለሽ ማሰብሽ ራሱ ትንሽ የዋህነት አለበት፣ አትቀየሚኝ።

አሁን ፍንጭ የሚባል ነገር ሁሉ ይቅር እያልኩሽ አይደለም። ፔኔሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን የሚባሉ ሰዎች ስለ ጨዋነት አነጋገር ብዙ ጽፈዋል፣ ከሚሉት አንዱ ሰው በተዘዋዋሪ የሚናገረው መውጫ ለመተው ነው፣ «እንደዛ ማለቴ አይደለም» ማለት እንዲቻል። እኔ የምጨምርልሽ አንድ ጥያቄ ነው፣ መውጫውን ለማን ነው የተውሽው? ጓደኛሽ ያዋስሻትን ልብስ መመለስ ረስታ ቀጠሮ ያለሽ ቀን እየደረሰ ከሆነና «ቅዳሜ ምን ለብሼ ልሂድ ይሆን?» ብትያት መውጫው ለሷ ነው፣ እንደረሳች ሳይነገራት ትመልሳለች፣ ክብሯም አይነካም። ግሩፕ ላይ ስም ሳይጠሩ መውጋት ግን መውጫው ለወጊው ነው፣ ቢጠየቅ «እኔ ማንንም አላልኩ» ይላል። የመጀመሪያውን በማንኛውም ቋንቋ አድርጊው። ሁለተኛውን እኛ አሽሙር ነው የምንለው፣ በእንግሊዝኛ ስለተባለ ሌላ ነገር አይሆንም።

ስለዚ ለልጁ በውስጥ ጻፊለት፣ አጭር ይሁን፣ ስሜት ሳይሆን ነገር ይዘሽ ሂጂ። «ማክሰኞ ካቀረብከው ውስጥ አራተኛውና አምስተኛው ስላይድ እኔ የሰራሁት ነው፣ የሚቀጥለው ሚቲንግ ላይ ያን ክፍል እኔ አቀርበዋለሁ» በቃ። «ለምን እንዲህ አደረክ» የሚል የለበትም፣ ማስታወስና መጠየቅ ብቻ። ፈሊጥ ካላስገባሁ እጄን ይበላኛል ካልሽ መግቢያው ላይ «ጀስት ሶ ዊ አር ኦን ዘ ሴም ፔጅ» (ነገሩን እኩል እንድንረዳው ያህል) በይና ቀጥለሽ ነገሩን ተናገሪ። የፈሊጥ ጥሩ ቦታ እዛ ነው፣ በር ላይ አለሳልሶ ያስገባሻል፣ ዋናውን ነገር ግን እሱ ላይ ጭነሽ አትላኪው። ከዛ በኋላ ከደገመው ማናጀሩን ኮፒ አርገሽ ያንኑ መስመር ትልኪለታለሽ፣ ቁጣ ሳያስፈልግ።

ወደ ማናጀሩ ልምጣ። እዚ ጋ ተራው ያንቺ ነው፣ ፍንጭ ወርዋሪ ሳትሆኚ ፍንጭ የሚወረወርብሽ ሆነሻል።

እንግሊዛውያን ነገር ማሳነስ ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1951 ኮርያ ውስጥ ኢምጂን ወንዝ ላይ የእንግሊዝ ብርጌድ በቻይና ጦር ተጨናንቆ እያለ አዛዡ ብርጋዴር ቶም ብሮዲ ለአሜሪካዊው የበላዩ «ሲንግስ አር አ ቢት ስቲኪ፣ ሰር» አለው ይባላል፣ «ትንሽ ጠጠር ብሏል ጌታዬ» እንደማለት። አንድ እንግሊዛዊ መኮንን ይሄን ቢሰማ «ኧረ አለቅን ነው የሚለው» ብሎ ይነሳል። አሜሪካዊው ግን ቃሉን እንዳለ ወሰደው፣ ከበድ ብሏል ግን ይዘውታል ብሎ ገባው። የግሎስተር ሬጅመንት ባታሊዮን ኮረብታው ላይ ተከቦ ቀረ፣ አብዛኛው ወታደር ሞተ ወይ ተማረከ። ሁለቱም የሚያወሩት እንግሊዝኛ ነው፣ አፋቸውን የፈቱበት! ሁለቱ እንዲህ ከተላለፉ እኔና አንቺ በተማርነው እንግሊዝኛ ለምን አልገባኝም ብለሽ ራስሽን አትውቀሺ።

እንግዲህ «ኳይት ጉድ»። አሜሪካዊ ቢሆን ኖሮ «በጣም ጥሩ» ብለሽ ደስ ይበልሽ ነበር። እንግሊዛዊ ሲለው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» አካባቢ ነው፣ ስድብ አይደለም፣ ጭብጨባም አይደለም፣ የሆነ የቀረው ነገር አለ። ግራ የሚያጋባው ደሞ ያው ሰውዬ «ኳይት ብሪሊያንት» ቢልሽ ሙሉ በሙሉ ድንቅ ነው ማለቱ ነው፣ ተከታዩ ቃል የመጨረሻ ደረጃ ሲሆን «ኳይት» ወደላይ ይገፋዋል፣ መካከለኛ ሲሆን ወደታች ይጎትተዋል። ከአፉ ብትሰሚው የድምፁ አጣጣል ይነግርሽ ነበር፣ ኢሜይል ላይ ያ የለም።

እና እንዴት ታውቂያለሽ? ያልተባለውን እዪ። ፖል ግራይስ የሚባል ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣ ጽሁፉ ያመጣት ምሳሌ አለች፣ እኔ በጣም ነው የምወዳት። አንድ ተማሪ ፍልስፍና ለማስተማር ሲያመለክት መምህሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፍለታል፣ ምን ብሎ? እንግሊዝኛው ግሩም ነው፣ ክፍልም አይቀርም። አለቀ። ስለ ፍልስፍናው አንድ ቃል የለም። አንድም ክፉ ነገር አልተጻፈም፣ አንባቢው ግን ልጁ እንደማይረባ ገብቶታል። ያንቺም ሪፖርት ላይ ሰውዬው ስለ ቅርጹ፣ ስለ ሰአቱ አመስግኖ ስለ ድምዳሜሽ ምንም ካላለ ነገሩ እዛ ጋ ነው ያለው። «ሪድ ቢትዊን ዘ ላይንስ» የሚሉት ይሄን ነው፣ መስመሮቹ መሀል ምን እንደተተወ ማየት። ዝርዝር ኮሜንት ሰጥቶሽ ከሆነ ግን ተረጋጊ፣ የሚያናድደው ስራ ላይ ሰው ጊዜውን አያጠፋም።

ደሞ መገመት ብቻ አይደለም፣ መጠየቅ ይቻላል እኮ። «ይሄን ሪፖርት የበለጠ ጠንካራ ለማድረግ አንድ ነገር ብቀይር ምን ልቀይር?» በይው። «ጥሩ ነው ወይ» ብለሽ ከጠየቅሽው «የስ የስ» ነው የሚልሽ። አንድ ነገር ምረጥ ስትይው ግን ሳይጨንቀው ይናገራል፣ አንቺም በፈሊጥ ሳይሆን በነገር መልስ ታገኛለሽ።

«አይ ዊል ቤር ኢት ኢን ማይንድ» ላይ ግን ሳላስታምም ልንገርሽ፣ ከዚ አይነት አለቃ አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ «ሰምቻለሁ፣ ምንም አላደርግም» ነው። የኛ «እናያለን» ነች፣ ታውቂያታለሽ። ቀን የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ «ማን ምን ያደርጋል» የለውም። እነዚ ሶስቱ የሌሉበት መልስ በየትኛውም ቋንቋ ተስፋ አይጣልበትም።

ግን ሰውዬው ላይ ብቻ አልፈርድም። አንቺስ ምን ብለሽው ነው? ስራ በዝቶብኛል ካልሽ በኋላ «ኳሱ አንተ ሜዳ ነው»። የትኛው ኳስ? ደሞዝ የሚል ቃል ለሱ በጻፍሽው ውስጥ የለም! ምናልባት ሰው እንዲቀጠርልሽ የፈለግሽ መስሎት ይሆናል፣ ምናልባት ስራ እንዲቀነስልሽ። ያ ፈሊጥ ደሞ ከቴኒስ የመጣ ስለሆነ «እኔ የድርሻዬን መትቻለሁ፣ አሁን ያንተ ተራ ነው» የሚል ነገር አለው፣ ለእኩያ ይሆናል፣ ወደ አለቃ ሲላክ ግን ትንሽ የመገዳደር ሽታ አለው። ማለት አንቺ ለማለስለስ ብለሽ ያስገባሽው ቃል ከደብዳቤው ሁሉ ጠንካራው ሆኖ አረፈው፣ ዋናው ጥያቄሽ ደሞ ሳይጻፍ ቀረ። ፊት ለፊት መናገር አይሆንልኝም ላልሽው መልሴ ይሄ ነው፣ በጨዋ ቃል በግልጽ የተጠየቀ ጥያቄ ከዚ በጣም ይለሰልሳል።

እንዲህ አርጊው፦ «ስለ ደሞዜ የምናወራበት 20 ደቂቃ ብንይዝ ደስ ይለኛል፣ ካለፈው ስምምነታችን ወዲህ የጨመርኩትን ስራ ዘርዝሬ እልክልሃለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የትኛው ቀን ይመችሃል?» ልስላሴ ካማረሽ «ዌን ዩ ጌት አ ቻንስ» (ሲመችህ) ጣል አርጊበት፣ ግን ቀኑን አታጥፊው። ከተነጋገራችሁ በኋላ ደሞ ያው ቀን የተባለውን በሁለት መስመር ጽፈሽ «በትክክል ከገባኝ እንዲህ ተስማምተናል» ብለሽ ላኪለት። እንግሊዛዊ አለቃ ካለሽ ይሄን ልማድ አርጊው፣ ብዙ ነገር ያተርፍሻል።

ቲሙ ውስጥ አሜሪካውያንም ካሉ ደሞ «ቴብል» የሚለውን ቃል ተጠንቀቂው። እንግሊዙ «ሌትስ ቴብል ኢት» ሲል አሁኑኑ እንወያይበት ማለቱ ነው፣ አሜሪካዊው ሲል ለጊዜው እንተወው። ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው ላይ የሁለቱ አገር መኮንኖች በዚች ቃል ብቻ ረጅም ክርክር ውስጥ እንደገቡ፣ ኋላ ሲታይ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር እንደነበር ያነሳል።

ፈሊጥ ንገሩኝ ብለሻልና ባዶ እጅሽን አልሸኝሽም። «ጀስት አ ጀንትል ሪማይንደር» የመጀመሪያ ጊዜ ጨዋ ነች፣ ሁለተኛም ትታለፋለች፣ ለሶስተኛ ጊዜ ስትላክ ግን ጀንትሏ የለችም። «ፐር ማይ ላስት ኢሜይል» (ባለፈው ኢሜይሌ እንዳልኩት) ን ብዙ ሰው መደበኛ የቢሮ ቃል አርጎ ይጠቀማታል፣ የሚያነባት ሰው ግን «አይንህ የት ነበር?» ብሎ ነው የሚያነባት፣ ባትነኪያት እመርጣለሁ። «ዊዝ ኦል ዱ ሪስፔክት» ስትባዪ ቀበቶሽን አጥብቂ፣ ከኋላዋ አክብሮት መጥቶ አያውቅም። «ሌትስ ቴክ ዚስ ኦፍላይን» (ይሄን ለብቻችን እናውራው) ሚቲንግ ላይ ከተባልሽ ብዙ ጊዜ «እዚ በቃሽ» ነው፣ ግን ሰው ፊት እንዳታፍሪ ተብሎም ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቂም አትያዢ፣ ከሚቲንጉ በኋላ ራስሽ ሄደሽ «አሁን ልናወራ እንችላለን?» በይ፣ የቱ እንደነበር ይለይልሻል።

«አ ሊትል በርድ ቶልድ ሚ» አንቺም ሳትማሪያት የምታውቂያት ነች፣ እኛም «ወፍ ነገረችኝ» እንላለን፣ ነገሯም መክብብ 10፥20 ላይ የሰማይ ወፍ ቃሉን ይወስዳል ከሚለው ጋር ይገጥማል። ለደስታ ነገር ተጠቀሚባት፣ «ወፍ እንደነገረችኝ እድገት አግኝተሻል» ለማለት። ለወቀሳ ከሆነ ግን ሰውዬው ወፏን ፍለጋ ነው የሚሄደው፣ ቢሮው በሙሉ ይታመሳል። «ዘ ራይቲንግ ኢዝ ኦን ዘ ዎል» ም ከዳንኤል ምዕራፍ 5 ነች፣ ማኔ ቴቄል ፋሬስ። ሰው «ግልጽ ምልክት አለ» ለማለት ይላታል፣ እኔ ግን ሁሌ የሚገርመኝ ያ ጽሁፍ ግልጽ አልነበረም እኮ! የንጉሱ ጠቢባን ሁሉ ተሰብስበው ማንበብ አቅቷቸው ዳንኤል ነው ተጠርቶ የፈታው። ያንቺ ግሩፕ ላይ ዳንኤል የለም።

«ኤለፋንት ኢን ዘ ሩም» ለብቻው ነው። እሱ ፍንጭ መስጫ ሳይሆን ፍንጭ ማብቂያ ነው፣ ሁሉም እያወቀ ዝም ያለበትን ነገር «በቃ እናንሳው» ማለት ነው። ካነሳሽው በኋላ ስሙን መጥራት አለብሽ፣ «ክፍሉ ውስጥ ዝሆን አለ» ብሎ ዝም የሚል ሰው ከሁሉም ያናድዳል።

አሁን ዛሬውኑ የሚደረገው ነገር። ልጅቷን አታሳድሪያት፣ በውስጥ ጻፊላት፦ «አንቺን አይደለም፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ነገሩን ግሩፕ ላይ መጻፍ አልነበረብኝም»። የምትስቅ ኢሞጂ ምናምን አያስፈልግም። ግሩፑ ላይ የለጠፍሽውን ጽሁፍ በዝምታ አታጥፊው፣ አጥፍተሽው ካዩ ሌላ ትርጉም ነው የሚሰጡት፣ ለሁለት ቀን ያወሩበታል፣ ተዪው ከስር ይወርዳል። ልጅቷ «ታድያ ስለማን ነው?» ካለችሽ ደሞ ስም እንዳትነግሪያት፣ «ከራሱ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል» በያት። ይሄን ለማለት ግን ለልጁ አስቀድመሽ መጻፍ አለብሽ፣ ስለዚ ከሱ ጀምሪ።